ጀርባዬን ሰጥቼ የጠራሁበት ውሃ

እናቴ መራመድ ካቆመች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። መጀመሪያ የግራ ጉልበቷ አበጠ፣ ቀጥሎ የቀኙ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቶቿ። መካነ ሰላም ወስደናት ኪኒን ሰጡን። ኪኒኑ ሕመሙን ያስታግስላት ነበር እንጂ እግሯን አልመለሰላትም። ከመደቡ እስከ በሩ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ነበር የምትወጣው። የእንግዳ ድምፅ ከሰማች ግን ባለችበት ቀጥ ብላ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ፀሐይ ልትሞቅ የተቀመጠች መስላ ትጠብቃለች። ስትንፏቀቅ የምናያት አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ከቤት ከዋልኩ ቆይቻለሁና ቤቱም እሷም በእጄ ነበሩ።

አባቴ ቄስ ነው። ለእሱ መድኃኒት ማለት ጠበል ነው። የደብራችንን ጠበል ሁለት ሱባኤ አስጠምቋታል። ሁለተኛው ሱባኤ ሲያልቅ እናቴ፣ «የበሽሎው ፍል ውሃ ይሞከር» አለች። አባቴ ወዲያው እሺ አላለም። ያ ውሃ ከሩቅ የሚወራለት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል የሚወርድበት፣ ታቦት የሌለበት ውሃ ነው። ባለቤት አለው ይባላል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን የሚናገር የለም። በመጨረሻ፣ «ሂዱ፤ እግዚአብሔር ያልፈጠረው ውሃ የለም» አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ነሽ የምትመልሽልኝ» አለኝ።

በጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ አጎቴ እናቴን በበቅሎው ጭኖ አወረደን። ስንነሳ ደጋው ላይ አመዳይ ነበር። ቁልቁለቱን ስንጀምር ጥዱና ወይራው ቀረ፤ ግራርና ቁልቋል መጣ፤ ጋቢያችንን አውልቀን በቅሎዋ ላይ አሰርነው። ከቀትር በኋላ ስልኬን ባየው ኔትወርክ የለውም። አጎቴ፣ «ከዚህ በታች የሚሰማሽ የለም» ብሎ ሳቀ። ቀልዱ ነበር።

ውሃውን ከማየታችን በፊት ሸተተን። የገማ እንቁላልና ባሩድ የተቀላቀለ ሽታ ነው። ከወንዙ ከፍ ብሎ ገደል አለ፤ ከገደሉ ሥር ድንጋዩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ነው። ሣር አያበቅልም። ከቁልቁለቱ ጀምሮ ሲንጫጩ የነበሩ ወፎች እዚያ ሲደርስ የሉም። የሚሰማው ውሃው ብቻ ነው፤ ከመሬት በታች ብዙ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ቀስ ብሎ የሚያወራ ያስመስላል።

ገደሉን ተደግፈው ምርኩዞች ቆመዋል። አጫጭር፣ ረጃጅም፣ የወይራ፣ የቀርከሃ፣ አንዳንዱ በዝናብ የነጣ፣ አንዳንዱ እጀታው ገና ከእጅ የተለየ ያህል ወዝ ያለው። አጎቴ ደስ እያለው፣ «አየሽ እህቴ፣ የዳኑ ሰዎች እየጣሉት የሄዱት ነው» አለ። እናቴ ከበቅሎዋ ላይ ሆና ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ሁሉም ድነው ነው?» አለች።

አጎቴ የበቅሎዋን ጭነት መፍታት ጀመረ።

ውሃውን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጺማቸውን ሂና ተቀብተዋል፤ በእጃቸው መቁጠሪያ አለ። «መርሐባ፣ መርሐባ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ተቀበሉንና በቅጠል ከተሠሩት ዳሶች አንዱን ሰጡን። ከዚያ የውሃውን ሥርዓት ነገሩን።

«እዚህ የሰው ስም አይጠራም። የመጣችሁበት አገር ስማችሁ ነው፤ እናንተ የመካነ ሰላሞቹ ናችሁ። ሴቶች ጀንበር ሳትወጣ ይገባሉ፣ ወንዶች ከወጣች በኋላ። የሚገባ ሰው ሁሉ ጠሪ አለው። ጠሪው ዐለቱ ላይ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ይቀመጣል፤ የሰው ገላ አይታይም። በየአፍታው ይጠራል፣ ያኛው ይመልሳል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ዝም ካለ ሁሉም ሰው ዘሎ ይገባል።»

እናቴ፣ «ሙቀቱ ስለሚያዞር ነው አባባ?» አለቻቸው።

«ይህ ውሃ አያሰምጥም፣ ያስተኛል። ዝም ያለ ሰው ወይ ተኝቷል፣ ወይ ተወስዷል። ለእኛ ሁለቱም አንድ ነው። የቀረውን ሴቶቹ ይነግሯችኋል። አብሽሩ።»

አጎቴ በሰባተኛው ቀን ሊመለስ በቅሎውን እየሳበ ወጣ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ እናቴን አዝዬ ወደ ውሃው ወረድኩ። የጠዋቱ አየር ስለቀዘቀዘ እንፋሎቱ ጥቅጥቅ ብሎ ተነስቷል። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን አላያቸውም። ሁለት ገንዳ አለ። የታችኛው ሰፊ ነው፤ የላይኛው ከገደሉ ሥር ያለ፣ ጠባብና በጣም የሚያቃጥል ነው። እናቴን ታችኛው ገንዳ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እስከ አንገቷ አስገባኋት። «ውይ!» አለች፤ ከዚያ ቆየት ብላ፣ «ውይ፣ ደስ ሲል!» አለች። ስምንት ወር ሙሉ ከአፏ ያልሰማሁት ቃል ነው።

እኔ ወደ ጠሪዎቹ ዐለት ሄድኩ። ስምንት ዘጠኝ ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል፤ ፊታችን ቁልቁል ወደ በሽሎ ነው። አንዷ ትጠራለች፣ ከኋላችን ከነጩ እንፋሎት ውስጥ አንድ ድምፅ ይመልሳል፤ ሌላዋ ትጠራለች፣ ሌላ ድምፅ ይመልሳል። አጠራራቸው ይገርመኝ ነበር። አንዷ እናቷን «ጥላዬ!» ትላለች። አንዷ «እሜቴ!»፣ አንዷ «እታለም!»። የአገራቸው ልማድ መሰለኝ። እኔ ቤት ውስጥ እንደምጠራት «እማ» አልኩ።

«ወዬ» አለች እናቴ።

ከጎኔ የተቀመጠችው ከማዶ ከማሻ የመጣች፣ ወሬዋ የማያልቅ ሴት ነበረች። ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣ «አንቺ የመካነ ሰላሟ! ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ማንን ነው የምትጠሪው፣ ጉንዳን ነው?» አለችኝ።

«እናቴን ነው እትዬ።»

«እንግዲያ እናትሽ የጥንቸል ጆሮ አላት። እኔ አጠገብሽ ሆኜ አንድ ነገር አልሰማሁ!»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ከእንፋሎቱ ውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ተዋት እባክሽ! ሆዴ ውስጥ እያለችም አትራገጥም ነበር!»

ሳቁ ባሰ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ከዚያ በኋላ የባሰውን ቀስ እያልኩ ነው የጠራሁት። እናቴ ግን ትሰማኝ ነበር። መጀመሪያ «ወዬ»፣ ቀጥሎ «ወዬ አልኩ እኮ»፣ ሲሰለቻት ደግሞ «አልሞትኩም!» ትለኛለች። አመላለሷ እንዲህ ነው፤ ለስለስ ያለ መልስ አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ ላይ ያለው ቆዳ መሸብሸብ ጀመረ። እብጠቱ እየጎደለ ነው ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ትከሻዬን ይዛ ቆመች። ቆመች ስል፣ ሁለት እግሯ መሬት ነክቶ፣ ክብደቷን ራሷ ተሸክማ። ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ፣ «ዝም በይ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። ከዚያ ተቀመጠችና አለቀሰች።

በአራተኛው ጠዋት «እማ» ስል መልሱ ከገደሉ በኩል መጣ። «ወዬ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እናቴ ካለችበት፣ ከግራዬ፣ «ወዬ፣ አለሁ» አለ። ስትወጣ ጠየቅኳት።

«ከድንጋይሽ ተነስተሽ ነበር እንዴ?»

«በምን እግሬ? ገደሉ ነዋ የሚመልሰው። ገደል ሰምተሽ አታውቂም?»

እውነት ነው፣ ገደል ይመልሳል። ግን ገደል የሚመልሰው የተባለውን ነው፤ ሰው ካለ በኋላ ነው። የገደሉ «ወዬ» ከእናቴ «ወዬ» ቀድሞ ነበር የመጣው። ይህን ለማሻዋ ልነግራት አስቤ ነበር። እንደገና ይስቁብኛል ብዬ ተውኩት።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ብቻዋን ቁልቁለቱን ወረደች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር ሻርፕ የለበሰች፣ ከእናቴ ትንሽ የምትበልጥ ሴት ናት። በሽተኛ አትመስልም፤ ድንጋዮቹን እያየች ሳይሆን እንደ ቤቷ ደጃፍ እያወቀቻቸው ነው የምትረግጣቸው። ስንቅም ጠሪም አልያዘችም። ዳሶቹ አጠገብ ስታልፍ ወሬው ቆመ። ሽማግሌው ብቻ ተነስተው፣ «የከላላዋ፣ ደህና ከረምሽ?» አሏት። ማሻዋ ለአንዷ፣ «መጣች» ስትል ሰማሁ። ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም።

በዚያ ምሽት እናቴ ከበሶው ጥቂት ቀምሳ ተወችው።

«ሁለት ቀን ቀረን» አለች። «ሁለት ቀን ቀርቶኝ ሦስት እርምጃ አልራመድም።»

«ቆመሻል እኮ እማ።»

«ቆሞ ለመቅረት ነው የመጣሁት? ነገ የላይኛው ገንዳ አስገቢኝ።»

«ያቃጥላል። አባባም ደካማ አይግባበት ብለዋል።»

ዝም አለች። እሺ ያለች መሰለኝ። እናቴን ሃያ ዓመት አውቃታለሁ፤ ዝም ስትል እሺ ማለቷ እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

በስድስተኛው ጠዋት እንደ ወትሮው ታችኛው ገንዳ ዳር፣ ድንጋይዋ ላይ አስቀመጥኳት። «ሂጂ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» ብላ በእጇ ገፋችኝ። ያን ቀን እንፋሎቱ ከሁሉም ቀን የባሰ ነበር፤ ዐለቱ ላይ እንኳ ማሻዋን በድምፅዋ ነው የለየኋት። ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

«እማ።»

«ወዬ።»

ቆየሁና፣ «እማ» አልኩ።

«ወዬ ልጄ።»

ደስ አለኝ። ውሃው ሊያድናት ነው፣ ልቧም ለስልሶላታል አልኩ። ሦስተኛውን ስጠራ ግን «እማ» የሚለውን ገና ሳልጨርስ ነው መልሱ የመጣው። «ወዬ ልጄ፣ ወዬ።» ጠበል ስታስጠምቂው እንደሚያለቅስ ሕፃን ሳይሆን፣ ጡት እንዳገኘ ሕፃን ዓይነት ድምፅ ነው። እናቴ እንዲህ አትልም። ሌላ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ሌላ ካልሆነስ? ዘጠኝ ሴት ፊት ተነስቼ «የመለሰችልኝ እናቴ አይደለችም» ልበል? እናቴ ከውስጥ ሰምታ ብትሰድበኝስ? ሁለት ጊዜ ደግሜ ጠራሁ። ሁለት ጊዜ በጣፋጭ ድምፅ ተመለሰልኝ። ያን ያህል ጊዜ ነው ያባከንኩት። 

በመጨረሻ፣ «እማ፣ ጉልበትሽስ?» አልኩ።

«ድኗል ልጄ፣ ሁሉም ድኗል» አለ ድምፁ። «አንቺ ብቻ ከዚያ እንዳትነሺ። እየጠራሽኝ ቆዪ።»

ተነስቼ ዞርኩ።

«ኧረ ጉድ! አትዙሪ፣ ነውር ነው!» አለች ማሻዋ። እኔ እንፋሎቱ ውስጥ ገብቻለሁ። እየዳበስኩ ወደ ድንጋይዋ ሄድኩ። ድንጋይዋ ላይ ሰው ተቀምጧል። ውሃው እስከ አንገቱ ነው፤ ዓይኑ ተጨፍኗል፤ ፊቱ እኔ ወደተነሳሁበት ዐለት ዞሯል፤ ከንፈሩ ፈገግ ብሏል። የከላላዋ ናት። በእናቴ ድንጋይ ላይ፣ እናቴን ባስቀመጥኩበት፣ እናቴ እንደምትቀመጠው።

«እናቴስ?» አልኳት።

ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ወዬ» አለች።

ከዚያ ምን እንዳደረግኩ የማውቀው ሌሎች ነግረውኝ ነው። እኔ የማስታውሰው የእናቴን ስም ከገደሉ ላይ ተመልሶ ስሰማው ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ። የማን ድምፅ እንደሆነ ግር አለኝ። የራሴ ነበር። የክርስትና ስሟን አይደለም፣ አገር የሚያውቃትን፣ አባቴ ከማሳ ሲገባ የሚጠራትን ስም ነው የጮህኩት። ውሃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ከመሬት በታች የሚያወራው ውሃ እንኳ የቆመ መሰለኝ።

የላይኛው ገንዳ ውስጥ አገኘኋት። እኔ ዞር ስል በእጇ እየተሳበች ወጥታ ኖሯል። ጭንቅላቷ ወደ ጎን ወድቆ አገጯ ውሃውን ነክቷል፤ ፊቷ ቀልቷል፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ነው። ብብቷን ይዤ ስጎትት አልቻልኩም። ቆዳዬ ተቃጠለ። ከኋላዬ እጆች መጡ። ማሻዋ ከነቀሚሷ ዘላ ገብታለች፤ ሌሎቹም እርቃናቸውን፣ ፀጉራቸው ተበትኖ፣ ከነጭ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ያዟት። ጎትተን ድንጋዩ ላይ አስተኛናት። አንዷ በጀሪካን የወንዝ ውሃ ይዛ ሮጠች። አፈሰሱባት። ምንም የለም። ደግመው አፈሰሱባት። «ያረቢ፣ ያረቢ» ትላለች አንዷ፤ «በስመ አብ» ትላለች ሌላዋ። እኔ እግሯን ይዣለሁ። ትኩስ ነው፤ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፤ ያበጠው ሁሉ ጠፍቶ እንደ ልጅነቴ ዘመን እግሯ ሆኗል። ይህን ማየቴን እጠላዋለሁ፤ ግን አየሁት።

በሦስተኛው ጀሪካን አሳላት። ውሃ ተፋች። ዓይኗን ገለጠችና ዙሪያዋን የቆምነውን ሴቶች አንድ በአንድ አየች።

«ማን ነው ስሜን የጠራው?» አለች።

ዳሱ ውስጥ ጋቢ ደርበንላት ከተኛች በኋላ ማሻዋ ከውጭ ጎትታ አስቀመጠችኝ። 

«ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪያት?»

«እማ።»

«ስድስት ቀን ሙሉ?»

«አዎ።»

ማሻዋ ጉንጯን ያዘች። «እዚህ ውሃ ውስጥ እማ አይባልም! እኛ ሁላችን እናታችንን ጥላዬ፣ እታለም የምንለው አምሮን መሰለሽ? ድምፅሽን አንድ ቀን ብንሰማው በመጀመሪያው ቀን እንነግርሽ ነበር። አንቺ ግን ድምፅሽ ለራስሽም አይሰማ!»

ከዚያ ነገረችኝ። ከዓመታት በፊት የከላላዋ ከልጇ ጋር መጣች። ልጅቷ ጠሪ ነበረች። ያኔ የጠሪዎቹ ዐለት አሁን ካለበት ዝቅ ብሎ ወንዙ አጠገብ ነበር። ደጋው ላይ ሌሊት ዘንቦ ኖሮ ጠዋት ደራሽ ጎርፍ መጣ። ሌሎቹ ሮጡ፤ ልጅቷ ግን እናቴን ትቼ አልሄድም ብላ እየጠራች ቀረች። እናትየው ከእንፋሎቱ ውስጥ ሆና «ወዬ» እያለች ትመልስ ነበር። ከዚያ ጥሪው ቆመ። እናትየው ግን እስኪያወጧት ድረስ ቁጭ ብላ ጥሪውን ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትወርዳለች። እማ ብሎ የሚጠራ ከሰማች ትመልሳለች።

«ክፉ አይደለችም» አለች ማሻዋ። «ግን እሷ ስትመልስ ሌላዋ ምን እንደሆነች ማን ያውቃል?»

«የመጣችው ትናንት ከሰዓት ነው አይደል እትዬ?»

«ትናንት ነው። ምነው?»

«ምንም» አልኩ። በአራተኛው ጠዋት ከገደሉ በኩል የመለሰልኝን አልነገርኳትም።

በዚያ ቀን ማሻዋ እናቷን ይዛ ሄደች። ሌሎችም ሄዱ። የሰው ስም በተጠራበት ውሃ አንገባም አሉ። ሽማግሌው ማንንም አልከለከሉም፣ እኔንም አልተቆጡም። መቁጠሪያቸውን እያዞሩ፣ «ስሟን አሁን ውሃው ያውቀዋል። ነገ ካልገባችም ያውቀዋል» አሉኝ። ይህ ማጽናኛ ይሁን ሌላ አልገባኝም።

እናቴ ማታ ላይ ቁጭ አለች። ሁለት እግሯን አጥፋ ዘረጋች። ከዚያ ደግማ አጥፋ ዘረጋች።

«ነገ ሰባተኛው ነው» አለች።

«አትገቢም።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ብያት አላውቅም።

«ስድስት ቀን ተቀቅዬ በሰባተኛው ልቅር? እግሬን በር ላይ አድርሼ ልመልሰው?»

ብዙ ተከራከርን። ጎረቤት ዳሶች ባዶ ስለሆኑ የሚሰማን አልነበረም። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው ጀርባዬን አልሰጥሽም። አብሬሽ እገባለሁ፣ እጅሽን ይዤ» አልኳት።

«ማን ይጠራናል ታዲያ?»

ይህን አላሰብኩበትም። የቀሩት ሦስት ሴቶች የየራሳቸውን ሰው ጠሪ ናቸው፤ ለሁለት መጥራት አይፈቀድም። በነጋታው በጨለማ ስንወርድ የከላላዋ ዐለቱ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታለች። ዞር ሳትል፣ «እኔ እጠራላችኋለሁ» አለች።

እናቴ ትከሻዬን እንደያዘች ቆመች። እሷን ጠርቶ ሊወስዳት የነበረው ውሃ ከኋላችን ያወራል። ቆየችና፣ «ጥሪ እንግዲህ» አለቻት። «እኔን በስሜ ጥሪኝ፤ ከወጣ አይቀር። ልጄን ግን ምንም አትበያት።»

«እሺ» አለች የከላላዋ።

ታችኛው ገንዳ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ከውስጥ ሲሰማ ጥሪው ከዐለቱ አይመጣም፤ ከየትም ነው የሚመጣው፤ ከገደሉ፣ ከውሃው ሥር፣ ከራስ ጀርባ። የእናቴ ስም ተጠራ። «ወዬ» አለች እናቴ። እጄን አጥብቃ ይዛለች። ሁለተኛ ተጠራ። «አለሁ!» አለች ተቆጥታ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ነጩ ግራጫ እስኪሆን፣ ግራጫው ቢጫ መምሰል እስኪጀምር ድረስ።

«ልጄ» አለ ድምፁ።

እናቴ ክንዴን ጨመቀችው። «እንዳትመልሺ» አለች በሹክሹክታ።

«ልጄ።»

ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ሳይመለስ ቢቀር ሁሉም ዘሎ ይገባል፤ የውሃው ሥርዓት ነው። ግን ለማን ነው የሚገቡት? እኔ የማስበው ደራሹ ስለወሰዳት ልጅ አልነበረም። እናትየው ያኔ ቁጭ ብላ ጥሪውን ስለመጠበቋ ነበር የማስበው።

«ወዬ!» አልኩ። እስከ ወንዙ ማዶ የሚሰማ ወዬ ነው ያልኩት።

ከዚያ በኋላ አልተጠራንም። የእናቴም ስም አልተጠራም። ጀንበር ስትወጣ እናቴን አቅፌ አወጣኋት። የከላላዋ አሁንም ጀርባዋን ሰጥታ እንደተቀመጠች ናት። ጥቁሩን ሻርፕ ተከናንባለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ ስናልፍ አልዞረችም። እኛም ፊቷን አላየንም።

አጎቴ ረፋድ ላይ ደረሰ። እናቴ ከዳሱ እስከ በቅሎዋ በእግሯ ሄደች። አጎቴ እልል ሊል አፉን ሲከፍት በዓይኗ ከለከለችው። ዳገቱን ወጥተን ወይራው ጋ ደረስን። ከዚያ ከበቅሎዋ ላይ ጎንበስ አለችና፣ «ለምን መለስሽላት?» አለችኝ።

«ሦስተኛውን ልትጠራ ነበር።»

«ብትጠራስ?»

ወደ ፊት አለፍኩና ልጓሙን ከአጎቴ ተቀበልኩ።

ዛሬ እናቴ በዘንግ ትሄዳለች፤ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ገበያም ትወጣለች። ክረምት ሲገባ የግራ ጉልበቷ ያማታል። አባቴ ውሃው ላይ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ነግረነዋል። ሲሰማ አማተበ። ልብስ ላጥብ ወደ ወንዝ ስወርድ ግን እናቴ ብቻዬን አትለቀኝም። ዘንጓን እየተመረኮዘች ትከተለኛለች፤ ከፍ ያለ ድንጋይ ትመርጥና ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ትቀመጣለች። አጥቤ እስክጨርስ ዓይኗን ከእኔ አታነሳም። አንዳንድ ቀን፣ ልብሱን ድንጋዩ ላይ ስመታ፣ በምቱና በምቱ መካከል ከወራጁ ውስጥ «ልጄ» የሚል ይሰማኛል። ቀና ብዬ የእናቴን አፍ አያለሁ። ተዘግቶ ካገኘሁት አልመልስም።